«ባለቤቴ ‘ደርቀሃል’ ትለኛለች»

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፣ ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ዕድሜዬ 62 ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ‘ደርቀሃል’ ትለኛለች። ምሳ ከሰዓቱ ካለፈ ቀኔ ይበላሻል። ልጄ ቴሌብር ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ እኔ ግን የባንክ ሰልፍ ይሻለኛል ብዬ ትቼዋለሁ። በቅርቡ የ8 ዓመት የልጅ ልጄ 503 ሲቀነስ 278ን በመበደር ሳይሆን ከታች ወደ ላይ እየቆጠረች ስትሠራ አየኋት። ሰረዝኩና በኔ መንገድ አሠራኋት። አለቀሰች። መልሷ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን አታሳየኝም። የመጨረሻው ልጄ ደግሞ 20 ዓመቱ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣለትም፣ ‘ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ምንም’ ብሎ ቤት ተቀምጧል። እሱን ሳይ ራሴን አያለሁ። የጎጃም ሰው ያዘውን አይለቅም ይባላል። የአገር ጠባይ ነው? የዕድሜ ነው? ወይስ እኔው ነኝ? በዚህ ዕድሜስ ይቃናል?»

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርዎት፦ ይቃናል። ግን በምክር አይደለም የሚቃናው። እጅዎ ሌላ ነገር ሲለምድ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም አስተማሪ ነዎት፣ «እንዲህ ያድርጉ» ብቻ ብልዎት ማስረጃው የታለ ማለትዎ አይቀርም።

ደብዳቤዎን ሳነብ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «መልሷ ልክ ነበር» ብለዋል። ማንም አልጠየቀዎትም፣ ራስዎ ነዎት የጻፏት። ጨርሶ የደረቀ ሰው ይህችን አይጽፍም። ስለዚህ ማየቱ አለ። የጎደለው ካዩት በኋላ ያለው ነገር ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የአእምሮ ተጣጣፊነት የሚሉት ነገር አለ። ትናንት የሠራ መላ ዛሬ አልሠራ ሲል ትቶ ሌላ መያዝ፣ አንዱን ነገር ከሁለት ከሦስት አቅጣጫ ማየት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ሐሳብንም አብሮ ማሻገር። ይሄው ነው። ከጉብዝና ጋር አንድ አይደለም። እንዲያውም በአንድ ነገር የተካነ ሰው ላይ አንዳንዴ ይብሳል።

የሂሳብ ሰው ስለሆኑ በሂሳብ ላምጣው። አብርሃም ሉቺንስ የሚባል ተመራማሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ አለ። ሦስት ዕቃ አለዎት እንበል፣ አንደኛው 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 መስፈሪያ ውሃ ይይዛል። በነዚህ ብቻ እየሞሉና እየቀነሱ 100 መስፈሪያ ማምጣት አለብዎት። መላው ይገኛል፦ 127ቱን ይሞላሉ፣ 21 ይቀንሳሉ፣ ከዚያ 3 ሁለት ጊዜ ይቀንሳሉ። 100 መጣ። ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይቀያየራሉ፣ መላው ግን ያው ነው። እንደገና ሌላ ጥያቄ፣ እንደገና ያው መላ። ከዚያ 23፣ 49 እና 3 የሚይዙ ዕቃዎች ይቀርቡና «20 አምጣ» ይባላል። ብዙው ሰው ምን አደረገ? 49 ሲቀነስ 23፣ ሲቀነስ 3፣ ሲቀነስ 3። 20 መጣ፣ ልክ ነው። ግን 23 ሲቀነስ 3 ብሎ በአንድ እርምጃ መጨረስ ይቻል ነበር! አላዩትም። ያለፉትን ጥያቄዎች ሳይሠሩ በቀጥታ ይህችን ያገኙ ሰዎች ግን አጭሩን መንገድ በቀላሉ አዩት።

ልብ ይበሉ፣ ዓይናቸውን የጋረደው አለማወቅ አይደለም። መላውን ማወቃቸው ነው። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን መቀነስን በመበደር አስተምረዋል፣ ያ መንገድ ስንቱን ልጅ አሳልፎታል፣ ስለዚህ የልጅ ልጅዎ 278 ላይ 2 ጨምራ 280፣ 20 ጨምራ 300፣ 200 ጨምራ 500፣ ከዚያ 3 ጨምራ 503 ስትደርስና ደምራ 225 ስትል፣ ዓይንዎ ያየው ስህተት ነው። እኮ ይህ መንገድ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። ገበያ ወርደው የ278 ብር ዕቃ ገዝተው ሁለት ባለ 200 ብር ቢሰጡ፣ ነጋዴዋ መልስዎን የምትቆጥረው «ይኸው 280፣ ይኸው 300፣ ይኸው 400» እያለች አይደል? ተበድራ ስትቀንስ አይተዋት አያውቁም። ልጅቷ የሠራችው የገበያ ሂሳብ ነው፣ ፈጣንና ትክክለኛ። ሲሰርዙባት የተማረችው መቀነስን አይደለም፣ የራስን መላ መፈለግ እንደሚያስቆጣ ነው። ይህን ጠንከር አድርጌ የምነግርዎት የ8 ዓመት ልጅ ስለሆነች ነው፣ ገና አሁን ነው ይህ ችሎታ እየበቀለባት ያለው።

እንዴት እንደሚበቅል ላሳይዎት። ለሕፃናት የሚሰጥ የካርድ ጨዋታ አለ፣ ፊሊፕ ዘላዞ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት። ካርዶቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥንቸሎችና ጀልባዎች አሉ። መጀመሪያ «በቀለም ለይ» ይባላል፣ የ3 ዓመት ልጅም ጥሩ አድርጎ ይለያል። ከዚያ «አሁን በቅርጽ ለይ» ይባላል። ልጁ አሁንም በቀለም ይለያል። አልሰማ ይሆን? ይጠየቃል፦ «በቅርጹ ጨዋታ ጥንቸል የት ነው የሚገባው?» በትክክል ያሳያል። ካርዱን ሲሰጡት ግን በቀለሙ ያስቀምጠዋል። አዲሱን ደንብ አፉ ያውቀዋል፣ እጁ አሮጌውን ይከተላል። 5 ዓመት አካባቢ አብዛኛው ልጅ ይሻገረዋል።

መምህር፣ የእርስዎም ችግር ይኸው ነው። አዲሱን ደንብ ያውቁታል፣ በደብዳቤ ጽፈው ልከውልኛል እኮ! እጅ ነው የቀረው። ለዚህ ነው ምክር አያቃናውም ያልኩት።

ዕድሜ ላሉት ጥያቄ መልሱ ከፊል አዎ ነው። ይህን የመሻገር ሥራ በዋናነት የሚመራው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። በሰው ላይ ዘግይተው ከሚበስሉት አንዱ ነው፣ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሥራው አያልቅም። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ካናዳ የሠሩ ሳይንቲስት በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በቀዶ ሕክምና የዚህ ክፍል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በካርድ መለየት ፈተና ላይ ደንቡ ሲቀየር «ስህተት ነው» እየተባሉም በአሮጌው ደንብ ይቀጥሉ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ በሁላችንም ላይ ዘገም ይላል። ግን ሁሉም ነገር አብሮ አይወርድም። የቃላት ሀብት፣ በኑሮ የተገኘ ዕውቀት፣ ሰውን ማወቅ፣ እነዚህ በ60ዎቹም በ70ዎቹም ይቆያሉ። አገራችን የተጣላ ሰው የምታስታርቀው በማን ነው? በሽማግሌ ነው። ጥሩ ሽማግሌ የአንዱን ቃል ሰምቶ በሱ ቦታ ይቆማል፣ የሌላውን ሰምቶ ደግሞ በዚያኛው ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ ማንም ያላሰበውን ሦስተኛ መንገድ ያመጣል። ይህ ተጣጣፊነት ነው፣ ያውም ከባዱ ዓይነት። ለጎረቤት ጠብ ቢጠሩ ይህን እንደሚያደርጉ አልጠራጠርም። እቤትዎ ሲገቡ ነው የሚጠፋው።

የአገር ጠባይ ነው ወይ? ይህን አልቀበልዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና የጎጃም ሰው ግትር ነው የሚለው ወሬ ሲደጋገም እኛው አምነነው ቁጭ አልን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች የማን ናቸው? የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያወጣ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፣ የትናንቱን ዛሬ ቢደግም አያስመሰግነውም፣ ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚፈለግበት። በአንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይዞ መሄድ አለበት። አንድን ነገር በሁለት መንገድ ማየትን እንደ ትምህርት ይዞ ትውልድ ያሳደገ አገር ነው። ገበሬውንስ ይመልከቱ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ እጅ ነው ይባላል፣ ዛሬ ምዕራብ ጎጃምና አዊ ያለ ድንች ይታሰባል? አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ መሬቱ አሲድ በዝቶበት እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ዘራበት፣ ከ4 ወይም 5 ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል አከሰለው፣ ማሳውን መልሶ አረሰው። ዛፉን በሽታ ሲገባው ደግሞ እንደገና ሌላ መላ መፈለግ ግድ ሆነበት። እንደ አገሩ ይኖሩ እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚል ሕዝብ ያዘውን አይለቅም አይባልም። ስለዚህ ጎጃምን ምክንያት አያድርጓት።

እውነቱን ልንገርዎት? እኔ የማየው ዋናው ምክንያት ዕድሜም አገርም አይደለም። ለዓመታት ደወል ሲደወል ገብተው ደወል ሲደወል ወጥተዋል። በክፍሉ ውስጥ የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ። አሁን ደወሉ የለም፣ ስለዚህ የምሳ ሰዓትን ደወል አደረጉት። ቴሌብሩንም የጠሉት አይመስለኝም። የከበደዎት ልጅዎ ፊት ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ነው፣ አስተማሪ ለነበረ ሰው ይህ ከባድ ነው፣ አልፈርድብዎትም። ግን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው በሽታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉን ይልቀቁ አላልኩም። ቃልዎን፣ እምነትዎን፣ ሐቀኝነትዎን ይያዙ፣ እነሱ ላይ ድርቅ ይበሉ። መቀነስን በየትኛው መንገድ እንደሚሠሩ፣ ምሳ በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ብር በምን እንደሚላክ ግን አቋም አይደለም። እነዚህን እንደ አቋም ሲይዟቸው ዋናው አቋምዎ ዋጋው ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ከልጅቷ ይጀምሩ። «ይቅርታ» ብቻ አይብሏት። አጠገቧ ይቀመጡና «ያንን መንገድ አሳይኝ» ይበሏት፣ ከዚያ እሷ በምትሰጥዎ ቁጥር በሷ መንገድ ይሥሩ፣ ቢሳሳቱም። መጀመሪያ ላይ እጅዎ መበደር ይፈልጋል፣ ያኔ ነው ልምምዱ። ሉቺንስ ከተፈታኞቹ ለአንዳንዶቹ ወረቀታቸው ላይ «አትታወር» ብለው እንዲጽፉ ነግሯቸው ነበር፣ ከነሱ ብዙዎቹ ነቅተው አጭሩን መንገድ አገኙ። እርስዎም ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነዎት፣ በትንሽ ወረቀት «ሌላ መንገድ አለ?» ብለው ጽፈው የሚያዩት ቦታ ይለጥፉ። ቁጣ ሊመጣ ሲል አንብበው ትንሽ ይቆዩ።

ቴሌብሩን ደግሞ በትንሹ። የምሥጢር ቁጥሩን ራስዎ ያውጡ፣ ለማንም አይንገሩ፣ ከዚያ ለልጅዎ 20 ብር በራስዎ እጅ ይላኩላት። በሚቀጥለው ሳምንትም። እሷ እንዳትነካው፣ አጠገብዎ ሆና ትይ እንጂ ስልኩን አትንጠቅ፣ ወጣቶች ይህ ልማድ አለባቸው። ሰልፍ መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ሰው የሚያገኙበት ከሆነ ሰልፉም ጥቅም አለው። ግን ሌላው መንገድ ስለማይቻልዎት መሆን የለበትም።

ለባለቤትዎ የምመክረው ይከብድዎ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን የቀኑን ውሎ እሳቸው ያውጡት፣ ምሳው በ8 ሰዓት ቢሆንም፣ ዘመድ ጥየቃ ቢሆንም፣ እርስዎ ሳያጉረመርሙ ይከተሉ። አንድ ቀን ደግሞ ቡናውን እርስዎ ያፍሉት። ወንድ ልጅ ማጀት ምን አገባው የሚል ካለ ይበል። በአንድ ቤት ለዓመታት ሲያፈሉልዎት የኖሩ ሴት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢጠጡ ምን ይጎድላል?

ስለ ስልክ ጨዋታዎችና ስለ ሱዶኩ የሚወራውን ሰምተው ይሆናል። ከወደዱት ይጫወቱ፣ ግን ብዙ አይጠብቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 11,430 ሰዎች ለ6 ሳምንት የአእምሮ ልምምድ ጨዋታ ተጫውተው፣ በተጫወቱት ላይ ጎበዙ እንጂ ችሎታው ወደ ሌላ ሥራ አልተሻገረላቸውም። የእግር ጉዞ ይሻልዎታል። አርተር ክሬመርና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 የሆኑ፣ ከዚያ በፊት ብዙ የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ለ6 ወር ፈጠን ብለው የተራመዱት፣ ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ በመሻገር ፈተና ተሻሉ። ደብረ ማርቆስ አየሩ ለዚህ የተመቸ ነው። ጠዋት ጠዋት ይውጡ፣ መንገዱን ይቀያይሩ፣ ከቻሉ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ ያውም ከእርስዎ ጋር በሁሉ ነገር የማይስማማ ሰው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከመቶ ልጅ 97 ገደማው አላለፈም ማለት ነው። ልጅዎ ብቻውን የወደቀ መስሎት ከሆነ ይህን ቁጥር ይንገሩት፣ ከእርስዎ ሲሰማው ይለያል። «ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ምንም» የሚለውንስ ከየት አመጣው? ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ከቤት ሲሰማው ያደገው ይመስለኛል፣ በአስተማሪ ቤት የተለመደ ነው። ያስተማሩት እርስዎ ከሆኑ ሊያላሉትም የሚችሉት እርስዎ ነዎት። «ዩኒቨርሲቲ ፈልጌልህ ነበር፣ አሁን ግን ሌላም መንገድ አያለሁ» የምትል አንዲት ቃል ከአባት አፍ ስትወጣ ከብዙ ቁጣ የበለጠ ታንቀሳቅሳለች።

ግን «ወስን!» አይበሉት። የተጨነቀ አእምሮ ይጠባል፣ በጭንቀት ላይ ያለ ሰው የለመደው መንገድ ላይ ሙጥኝ ብሎ ይጣበቃል፣ ይህ በወጣትም በሽማግሌም ላይ ነው። በዚያ ላይ ባለንበት ጊዜ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል የኖረ ልጅ ጭንቀቱ ከፈተናው ብቻ የመጣ አይደለም። ስለዚህ አማራጮቹን አብራችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ሪሚዲያል የሚያስገባ ነጥብ አለው? እንደገና በግል መፈተን ይችላል? ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምን ምን ያስተምራል? አንዱን ለጥቂት ወር ሞክሮ ቢተወው ቁጣ እንደማይደርስበት ቃል ይግቡለት፣ ቃሉንም ይጠብቁ። ሞክሮ መተው ከሽንፈት የማይቆጠርበት ቤት ውስጥ ልጅ ይንቀሳቀሳል። እንቅልፉ ጠፍቶ፣ ከሰው ርቆ፣ መብላት ትቶ ከሆነ ግን ይህ ግትርነት አይደለም፣ ሐኪም ማየት አለበት።

ለእርስዎም አንድ ነገር ልጨምር። ድርቅናው በጥቂት ወራት ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ የሚያውቁት መንገድ የሚጠፋብዎት ከሆነ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ፣ ወይም ነገር ሁሉ ደስታ አልሰጥ ብሎዎት ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ አይበቃዎትም። ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎን፣ ዓይንዎንና በተለይ ጆሮዎን ያስመርምሩ። ጆሮ ሲደክም ሰው ወሬ መከታተል ይተዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ የራሱን ሐሳብ ብቻ መስማት ይጀምራል፣ ቤተሰቡም «ግትር ሆነ» ይላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነሱን በመከላከል ከመርሳት በሽታዎች 45 ከመቶ ገደማውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ይናገራል። ደም ግፊትም፣ የጆሮ መድከምም፣ ብቸኝነትም፣ መጠጥ ማብዛትም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ፣ አረቄ የሚያዘወትሩ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት። ሲሄዱም ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።